«ምንም አይፈጠርም» ለምትሉኝ

ስለ ማላያላም አጫጭር ፊልሞች ከጻፍኩ ወዲህ «ፊልሞቹ ላይ ምንም አይፈጠርም» የሚለው ቅሬታም ጥያቄውም በዝቷል። የተወሰኑትን ልመልስ።

«ማላያላም የማሌዢያ ቋንቋ ነው?»

አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት የሚነገር ነው። ድሮ እኛን ካስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የዚያ አገር ሰዎች ነበሩ።

አንዲት እህት ከዱባይ ጽፋለች። አብራት የምትኖር የኬረላ ልጅ አንድ ፊልም አሳየቻት። «ሴትዮዋ ምግብ አቀረበች፣ ሰዎቹ በሉ፣ አለቀ። ይሄ ምኑ ነው ፊልም?» ትላለች።

እህቴ፣ እባክሽ ድጋሚ እይው። አሁን ግን ወሬውን ተይና እጃቸውን ተከተይ። የውሃ ጆጉ እፊቱ ተቀምጦ እያለ «ውሃ!» የሚለው ማነው? ቆማ የምትጠብቀውስ? ለእሷ ምን ተረፈ? ስለዚህ ሁሉ ግን ማንም አንድ ቃል አይተነፍስም። ቤት ውስጥ የተለመደ በደል ድምፅ የለውማ። እኛም ቤት ድስቱ ሲራቆት እናት «እኔ ቀምሻለሁ» ትላለች፤ እኛም አምነን እጃችንን ታጥበን እንነሳለን። እነዚህ ፊልሞች እዚያች «ቀምሻለሁ» ላይ ቆም ያደርጉኛል። ስንት ዓመት አምኜ እንዳለፍኩ ያሳስበኛል። የኬረላ ተመልካች ደግሞ ረጋ ብሎ ማየት ለምዷል። የኬረላው ታዋቂ የፊልም ዳይሬክተር አዱር ጎፓላክሪሽናን ከጓደኞቹ ጋር የፊልም ማኅበር ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በኬረላ ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም ደግሞ ዘጋቢና አጫጭር ፊልሞች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የራሳቸው ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል አላቸው።

«ኢንጂነሪንጉን አቋርጬ ፊልም ልሥራ?»

ኧረ ተው፣ ጨርስ! የኬረላው የፊልም ዳይሬክተር ቤዚል ጆሴፍም ኢንጂነሪንግ ተምሯል። አጫጭር ፊልሞች ሲሠራ ቆይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ያወጣው። አንተም ዛሬ ማታ የቤትህን እራት በስልክህ ቅረጽ።

«አማርኛ ጽሑፍ ጨምሬ ዩቲዩብ ላይ ልልቀቀው?»

የፊልሙን ባለቤት አስፈቅድ። ገንዘብ ካለበት ጠበቃ አማክር።

የመጨረሻው ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ። «ፊልሙ ላይ ያሉት አሮጊት ቁርጥ እናቴን ናቸው። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች፤ የልጅ ልጆቿን ስም ታምታታለች። እርጅና ነው ብለን ተውነው» ይላል።

ወንድሜ፣ አትተዉት። በፊልም በሽታ አይለይም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒትም እንዲህ ሊያስረሱ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሕክምና አላቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘህ ሂድ። እስከዚያ ከምድጃው ጋር ብቻቸውን እንዳይሆኑ። ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።