ፔኪኒዝ ወይስ ማልቲዝ፦ አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ

አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆንክና ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ፣ ከሁለቱ ትንንሽ የውሻ ዝርያዎች ፔኪኒዙን ተወው። ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ በማለክለክ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ይከብደዋል፤ በአዳማ የሚያዝያ ሙቀት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሊሞት ይችላል። ማልቲዝ ይሻልሃል፤ እሱም ቡችላ ሳይሆን ዓመት ያለፈው።

ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የ3 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ3 ሰዓት በላይ መያዝ ያቅተዋል። ትንንሽ ዝርያዎች ደግሞ በቡችላነታቸው በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ካልበሉ የደም ስኳራቸው ወርዶ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውን ይስታሉ። ቀን 6 ሰዓት ላይ ገብቶ የሚያበላው ሰው ከሌለህ ቡችላ አትግዛ።

ከመወሰንህ በፊት ውሻ እንዳለህ ቆጥረህ አንድ ሳምንት ሞክረው፦

1. ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ደረጃውን ወርደህ 20 ደቂቃ ተራመድ። ቀትር ላይ አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥለዋል።
2. በየቀኑ 10 ደቂቃ ለማበጠር መድብ። የማልቲዝ ጸጉር ካልተበጠረ ተቋጥሮ ቆዳውን ያቆስላል። ለሙቀቱም ለማበጠሩም አሳጥሮ ማስቆረጥ ይረዳል።

ሻጩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ከሌለው ሌላ ፈልግ።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው የወጥ ትራፊ ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ቢበስልም ያው ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በየቀኑ የምትሰጠው ትንሽ ፍትፍት ተጠራቅሞ ደም ማነስ ያመጣበታል። እንግዳ እንዳያጎርሰው አስቀድመህ ንገር።