ቦይንክ ላይ ሌሊት ሌሊት ለሚያስቸግርህ ኮምፒውተር፦ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር የጠየቅከውን አነበብኩት። አይ5 2500ኬ ፕሮሰሰርህን ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ከፍ አድርገህ ቀን ከሌሊት ቦይንክ (የቤት ኮምፒውተርን ትርፍ ጉልበት ለሳይንስ ስሌት የሚያውለውን ፕሮግራም) ታስኬድበታለህ። ጌም ስትጫወት ምንም አይልም። ሌሊት ግን አልፎ አልፎ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ የሠራውም ሥራ «ኢንቫሊድ» (ልክ ያልሆነ) እየተባለ ይመለስብሃል። ፓወር ሰፕላይ ልቀይር ወይ ብለሃል። ቆይ፣ አትቀይር። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ በዚሁ ፕሮሰሰር፣ በዚሁ ፍጥነት ይኸው ነገር ደርሶብኛል። ቀይሬ፣ ገንዘቤን ጨርሼ ነው ያወቅኩት።

1. «ኢንቫሊድ» የምትለዋን ቃል አትናቃት። ከሪስታርቱ ይልቅ የምታስፈራው እሷ ናት። እኔ ኮምፒውተሩ ካልጠፋና ሰማያዊ ስክሪን ካላመጣ ደህና ነው ብዬ ነበር። ፕራይም 95 የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ አንድ ሰዓት አስኬድኩት፣ አለፈ፣ በቃ ብዬ ተኛሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ጌም ውስጥ አንድ ቁጥር ቢሳሳት የሣሩ ቀለም ለቅጽበት ይለወጥ ይሆናል፣ ማን ያየዋል? እዚህ ግን ሥራው ራሱ ቁጥሩ ነው። እኔ በቦይንክ የምሠራለት ፕሮጀክት፣ አይንስታይን አት ሆም፣ አንዱን ሥራ ለሁለት ሰው ኮምፒውተር ይልካል። መልሳቸው ካልተገጣጠመ ለሦስተኛ ይልካል። በሦስተኛው የሚወድቀው ሁልጊዜ የእኔ ነበር። ያኛው ሰው መልሱን እስኪልክ ቀን ስለሚፈጅ ደግሞ ቶሎ አላወቅኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የመብራት እየከፈልኩ ሰው የሠራውን ሥራ እንደገና ሳሠራ ከረምኩ። በፈረንጆቹ 2010 እነዚህ የቤት ኮምፒውተሮች አዲስ ፐልሳር (እየተሽከረከረ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጭ ኮከብ) አግኝተዋል፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ጀርመን ካለ ሰው ቤት። እኔም የገባሁበት ይህንን ሰምቼ ነው። የተሳሳተ ቁጥር እየላክሁ እንደነበር ሳውቅ በጣም ነው ያዘንኩት።

2. ወደ ጥገና ቤት ከመሮጥህ በፊት ኢቨንት ቪወርን (ዊንዶውስ የገጠመውን ስህተት የሚመዘግብበትን) ክፈት። እኔ ተገላቢጦሹን ነው ያደረግኩት። ኮምፒውተሬን ተሸክሜ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውዬው ሰካው፣ ቪዲዮ ከፈተበት፣ አምስት ደቂቃ አየና «ይኸው ይሠራል» አለኝ። «መሥራቱን ይሠራል፣ ስሌት ይሳሳታል እንጂ» አልኩት። «ታዲያ በካልኩሌተር አስላ» አለኝ፣ ሰው ፊት። እስካሁን አልረሳሁትም። ወዲያው ደግሞ ችግሩ ፓወር ሰፕላዩ ነው ብሎ ሸጠልኝ። አልተሻለውም። ራሙ ነው አለኝ፣ እሱንም ገዛሁ። 9 ሺህ ብር ገደማ ወጣብኝ፣ ኢንቫሊዱ ግን አልቆመም። እንዴት እንዳወቀ እኔ አልጠየቅኩትም፣ እሱም ምን እንደምሠራበት አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ወደታች ስወርድ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተደርድሮ አየሁ። ዊያ ሎገር (የሃርድዌር ስህተት መዝጋቢው)፣ ቁጥር 19። አንዱ ሌሊት 7 ሰዓት፣ ሌላው 8፣ ሌላው 8 ሰዓት ከ20። ፕሮሰሰሩ ተሳስቶ ራሱን እያረመ ይቀጥል ነበር ማለት ነው። ማረም ያቃተው ጊዜ ሪስታርት ያደርጋል፣ ሳያየው ያለፈው ስህተት ደግሞ መልሱ ውስጥ ይገባል። ሌሊት የሚበዛው እኔ ስተኛ ቦይንክ አራቱንም ኮር (የፕሮሰሰሩን የስሌት ክፍሎች) ስለሚይዝ ነው። ለዚያ ፍጥነት ቮልቴጁ አልበቃውም ነበር፣ ነገሩ ይኼው ነው። ያንተም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ቮልቴጅ ልጨምር እንዳትል። ሙቀቱ በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው የሚጨምረው፣ ምክንያቱም ኃይሉ በቮልቴጁ ስኩዌር ያድጋል። ቮልቴጁን ባለበት ተወውና ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን መልቲፕላየር ከ45 ወደ 42 አውርደው። የምታጣው ፍጥነት ከመቶ ሰባት እጅ እንኳን አይሞላም። ራሙንም ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን) አጥፍተህ በመደበኛ ፍጥነቱ አስኬደው።

3. አቧራ። የእኔ ሂትሲንክ (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ብረት) ክንፎቹ መሃል ቀይ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ነበር። በብስክሌት ፓምፕ ነፋሁት (ባሕር ዳር ፓምፕ አታጣም)። ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ በነፋሱ ከመጠን በላይ እንዳይሽከረከር። ከሥሩ ያለው፣ ሙቀት ወደ ሂትሲንኩ የሚያሻግረው ቴርማል ፔስት ምጣድ ላይ እንደቀረ ሊጥ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠርጌ አዲስ ስቀባው፣ ፍጥነቱም ከወረደ በኋላ፣ ሙቀቱ ከ88 ወደ 69 ዲግሪ ወረደ። የውጭ ሰዎች የሚጽፉትን የሙቀት ቁጥር እንዳለ አትውሰድ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፣ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ፍጥነቱን ስጨምር የሞከርኩት በነሐሴ ብርድ ነበር፣ ሚያዝያ ሲመጣ ጉዱ ወጣ። አንተ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሲግል ሞክረው።

4. መብራት። ስታቢላይዘር የግድ ነው። ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬቱ ንቀል። ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አጥፋው፣ መብራት ሲመጣ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም ይላልና። ለሥራው አትጨነቅ፣ ቦይንክ በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ የምታጣው የደቂቃዎችን ነው።

5. ሙቀት ልቀንስ ብለህ ቦይንክ ላይ «የሲፒዩ ጊዜ» የሚለውን 60 እንዳታደርገው። በየሰከንዱ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል፣ ሙቀቱም ቮልቴጁም ይዘልላል። እሱን 100 ተወውና ከአራቱ ኮር ሦስቱን ብቻ ስጠው።

ይህን ካደረግኩ ሰባት ወር ሆነኝ፣ አንድም ኢንቫሊድ የለብኝም። ከደብረ ማርቆስ የላክሁት ቁጥር ሌላ አገር ካለ ኮምፒውተር ቁጥር ጋር ተገጣጥሞ ሳየው አሁንም ደስ ይለኛል።

ፕራይም 95ን ብሌንድ የሚለው ላይ አድርገህ ቢያንስ 12 ሰዓት አስኬደው፣ አንድ ሰዓት ምንም አይነግርህም። ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ ኢቨንት ቪወርን ክፈትና 19 ቁጥር ስንቴ እንደመጣ፣ ቮልቴጅህም ስንት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ። አብረን እናየዋለን።