አባትሽ «የካድሬ ሥራ ነው» ስላሉት ነገር

እህቴ፣ ከኮዬ ፈጬ የላክሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። አካውንቲንግ ጨርሰሽ ስምንት ወር ሥራ ፈልገሻል። በዚህ መሃል የአውሮፓ ኅብረት ለእርሻዎች ከከፈለው ድጎማ ማን ስንት እንደወሰደ በስም የሚያሳይ ዝርዝር አግኝተሽ፣ የኦርጋኒኮቹን (ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል መድኃኒት የሚያርሱትን) እየለቀምሽ ሌሊቱን ታነጊያለሽ። «በዚህ እንጀራ ይበላል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አባትሽ ደግሞ «የካድሬ ሥራ ነው» ብለውሻል።

አባትሽ ተሳስተዋል፣ ይሄ የሒሳብ ሰው ሥራ ነው።

ግን ቀስ በይ። «ድጎማ እየወሰደ ምርቱን ኦርጋኒክ ብሎ የማይሸጥ ሌባ አገኘሁ» ያልሽው አስደንግጦኛል። ወደ ኦርጋኒክ የሚዞር መሬት ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ ለቋሚ ተክል 3 ዓመት ይጠብቃል፤ በዚያ ጊዜ ምርቱን ኦርጋኒክ ብሎ መሸጥ ክልክል ነው፣ ድጎማው ግን ይከፈላል፣ እንዲያውም ገበሬው ያኔ ነው የሚቸገረው። ክፍያው የሚሰላው በሄክታር ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ሄክታር የለም። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ትልቅ መሬት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከ1,250 ዩሮ ያልበለጠ የወሰደ ሰው ስሙ አይወጣም። ዝርዝሩም 2 ዓመት ቆይቶ ከድረ ገጹ ይነሳልና አሁኑኑ አውርጂው።

በእኛ አገር የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488 ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መረጃ የማግኘት መብት ደግሞ በአዋጅ 590/2000 ተሰጥቶሻል፦ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ካልመለሰ እንባ ጠባቂ ጋ ትሄጃለሽ። አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አስገቢና ሞክሪው። (የደረሰኝ ቁጥር ሳትቀበዪ እንዳትወጪ!)

እንጀራው ያለው ግን ቡና ላይ ነው። ወደ አውሮፓ ኦርጋኒክ ቡና የሚልኩ ዩኒየኖች አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግ አስጨንቋቸዋል። አንድ የገበሬ ቡድን ከ2,000 አባል መብለጥ የለበትም፣ የራሱ የውስጥ ቁጥጥርም ሊኖረው ይገባል። ማለትም የአባሉን ስም፣ ማሳውንና ያስረከበውን ኪሎ የሚያመሳክር ሰው ይፈልጋሉ። እኔ በወጣትነቴ አንድ ማኅበር ውስጥ ይህን ስሠራ አንድ ገበሬ አንዴ በ«ኃ»፣ አንዴ በ«ሀ» ተጽፎ ሁለት ሰው ሆኖ አገኘሁት። ሌብነት መስሎኝ ስብሰባ መሃል ጮህኩ። የጸሐፊው ፊደል ነበር። እስከዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

እና ሲቪሽ ላይ «ለግልጽነት ፍቅር አለኝ» የሚለውን አጥፊው። በምትኩ አንድ የአውሮፓ አገር ምረጪና የሁለት ዓመቱን ዝርዝር ኤክሴል ላይ አስተያዪ፤ ማን አዲስ ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን ክፍያ በእጥፍ ዘለለ? ከእያንዳንዱ ጎን ንጹህ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን ጻፊ። ያንን አንድ ገጽ አድርገሽ ይዘሽ ዩኒየኖቹ ቢሮ በአካል ሂጂ፤ ኢሜይል ብቻ ልከሽ ከጠበቅሽ ሌላ ስምንት ወር ነው። ከመሄድሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ አለኝ።