ባለቤቴ ትራክ ነጂ ነው፤ ለግሪን ካርድ ቃለ መጠይቁ እንዴት እንዘጋጅ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ2021 በተማሪ ቪዛ ገብቼ ትምህርቱን በገንዘብ እጥረት አቋረጥኩና ያለ ሥራ ፈቃድ ምግብ ቤት ውስጥ ስሠራ ቆየሁ። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። በጥር 2016 ሽማግሌ ልኮ፣ በማርች 2024 በሮክቪል ፍርድ ቤት ተፈራርመን፣ ሰርጋችንን በግንቦት ደገስን። የምንኖረው በወንድሙ ቤት ቤዝመንት ሲሆን ኪራዩን በእጅ እንከፍላለን፤ እሱ የራሱን ትራክ ስለሚነዳ በወር ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ነው። አሁን ባልቲሞር ላይ ለቃለ መጠይቅ ተቀጥረናል። ወዳጆቻችን የመቶ ጥያቄዎች ዝርዝር ሰጥተውን ማታ ማታ በስልክ እየተጠያየቅን እናጠናለን። «አብራችሁ አትኖሩም» ይሉን ይሆን? መሥራቴንስ ልናገር ወይስ ልደብቅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድመው ያንን የጥያቄ ዝርዝር ያስቀምጡት። የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ የሚያጣራው ባልና ሚስቱ የጥርስ ሳሙናቸውን ዓይነት መሸምደዳቸውን አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ዋና ነገር፣ በ1975 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዳስቀመጠው፣ ሁለቱ ሰዎች በተጋቡበት ጊዜ አብሮ ኑሮ ለመመሥረት አስበው ነበር ወይ የሚለው ነው። ከተጋቡ በኋላ የኖሩበት ሁኔታ የሚታየው ያንን ሐሳብ ለማስረዳት ስለሆነ፣ ባል በሥራው ምክንያት ከቤት መራቁ ብቻውን ጋብቻውን ሐሰት አያደርገውም። በስልክ የተጠና መልስ ግን ከሁለት አፍ በአንድ ቃል ሲወጣ ለጆሮ ያስታውቃል። መጋረጃችሁ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ባለቤትዎ ላያውቅ ይችላል፤ ብዙ ባል አያውቅም። ሁለታችሁም ቃለ መሐላ ፈጽማችሁ ስለምትናገሩ፣ የማታውቁትን ገምቶ ከመመለስ «አላውቅም» ወይም «አላስታውስም» ማለት ተገቢም፣ የሚያዋጣም ነው።

ማጥናት ያለባችሁ የራሳችሁን ፋይል ነው። ኦፊሰሩ ፊት የሚቀመጠው ባለቤትዎ ለእርስዎ ያስገቡት የቤተሰብ ማመልከቻ አይ-130፣ እርስዎ ያስገቡት የግሪን ካርድ ማመልከቻ አይ-485፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ኤምባሲ ለተማሪ ቪዛ ያመለከቱበት መዝገብ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ፎርሙን የሚሞላው ብዙ ጊዜ «የሚያውቅ ሰው» በመሆኑ፣ ባለጉዳዮቹ በስማቸው ምን እንደተጻፈ የሚሰሙት ከኦፊሰሩ አፍ ይሆናል። ቅጂውን አውጥታችሁ ቀን በቀን፣ አድራሻ በአድራሻ፣ ስም በስም አንብቡት። ስሕተት ካገኛችሁ ኦፊሰሩ እስኪደርስበት ሳትጠብቁ፣ ገና ሲጀመር «ይህ መስመር መታረም አለበት» ብላችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። በተለይ በ2021 ለኤምባሲው ስለ ትዳር ሁኔታዎ የሰጡት ቃል ዛሬ ከሚሉት ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ፤ ቪዛው ይቀላል ተብሎ «ያገባሁ ነኝ» የተባለበት ወይም የቀድሞ ጋብቻ የተደበቀበት ጉዳይ ከሆነ፣ ቃለ መጠይቁ ከመድረሱ በፊት ጠበቃ ሊያየው ይገባል።

ደብዳቤዎን ሳነብ ብዕሬን ያስቆመኝ ነገር ነበር። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጥር 2016፣ ማርች 2024 እና ግንቦት ብለው ጽፈዋል። ለእኔ ግልጽ ነው፤ ለኦፊሰሩ ግን ሽማግሌ የተላከው ከፍርድ ቤቱ ፊርማ 8 ዓመት ቀድሞ ይመስላል። «መቼ ተጋባችሁ?» ሲባልም እርስዎ የሰርጉን ቀን፣ ባለቤትዎ የተፈራረማችሁበትን ቀን ቢናገሩ፣ ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ ተቃራኒ መልስ ትሰጣላችሁ። በሕግ የተጋባችሁበት ቀን በሮክቪል የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ነው። እሱን በአውሮፓ አቆጣጠር ተናግራችሁ፣ ሽምግልናውንና ሰርጉን በየስማቸው ለይታችሁ አስረዱ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሬያቸው የገባሁ አንዲት ደንበኛዬ ባሏ ለሥራ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ተጠይቃ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ብላ መለሰች። አስተርጓሚው ቁጥሩን ሳይቀይር እንዳለ ተረጎመው። ባልየው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ጠዋት 5 ሰዓት» አለ። ኦፊሰሯ ብዕሯን አስቀምጣ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ተመለከተች። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሌሊት ማለት በእነሱ 5 ሰዓት ጠዋት መሆኑን አስመዝግበን እስክንጨርስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብን፤ ክፍሉ ውስጥ ያ የስድስት ሰዓት ልዩነት የሚገባው ሰው ባይኖር ኖሮ እንደ ውሸት ተቆጥሮ በቀረ ነበር።

ሌላው «ወንድሙ» ያሉት ሰው ነው። ከእናትም ከአባትም አንድ ናቸው? ወይስ የአጎቱ ልጅ ነው? በአማርኛ አብሮ ያደገ ሁሉ ወንድም ነው፤ በፎርሙ ላይ ግን አይደለም። ባለቤትዎ «የአጎቴ ልጅ ቤት ነው የምንኖረው» እያለ እርስዎ «ወንድሙ ቤት» ካሉ፣ ባሏ ስንት ወንድም እንዳለው የማታውቅ ሚስት ይመስላሉ።

አብሮ መኖራችሁን ወደ ማስረዳቱ ስንመጣ፣ ሊዝ (የኪራይ ውል) ስለሌላችሁ ብቻ ሊዝ አታዘጋጁ። እውነተኛ ጋብቻ ያላቸው ሰዎች ወረቀት አነሰን ብለው ወደ ኋላ ቀን የተጻፈ የኪራይ ውል ይዘው ቀርበው ጉዳያቸውን ሲያበላሹ አይቻለሁ፤ በዚህ ሥራ እንደዚያ የሚያናድደኝ ነገር የለም። ለኢሚግሬሽን ሲባል ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል፤ እንዲህ ያለ ጋብቻ ፈጽሟል ተብሎ የተወሰነበት ሰው ደግሞ ወደፊት እውነተኛ ትዳር ቢመሠርት እንኳ የትዳር ጓደኛው የሚያስገባለት ማመልከቻ አይጸድቅም። ስለዚህ ያላችሁን እንዳለ አቅርቡ። የቤቱ ባለቤት ከመቼ ጀምሮ እንደምትኖሩ፣ ስንት እንደምትከፍሉና በእጅ እንደምትከፍሉ ገልጾ በኖተሪ ፊት የፈረመው ደብዳቤ፣ ከመታወቂያው ቅጂና የቤቱ ባለቤትነት ከሚታይበት ወረቀት ጋር ጥሩ ማስረጃ ነው። በሁለታችሁም ስም ወደዚያ አድራሻ የመጡ ደብዳቤዎች፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሁለታችሁንም የያዘ የመኪና ወይም የጤና ኢንሹራንስ፣ ደመወዝ የሚገባበትና አስቤዛ የሚወጣበት የጋራ የባንክ ሒሳብ ይጨመሩ። ባለፈው ሳምንት በ200 ዶላር የተከፈተ ሒሳብ ግን ባይቀርብ ይሻላል። ዕቁብ አብራችሁ የምትጥሉ ከሆነ የዕቁቡ ጸሐፊ የመዘገበውን ከደብዳቤ ጋር ማቅረብ ይቻላል።

የባለቤትዎን መራቅ አትደብቁት፤ አስረዱት። ትራኩ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ መቼ የት እንደነበረ ያሳያል። የዚያን ሰሞን የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ ከመንገድ የላከልዎት ገንዘብ፣ ወደ ቤት የተመለሰባቸው ቀናት አንድ ላይ ሲቀመጡ፣ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሆነ፣ ሥራው ግን አውራ ጎዳና ላይ የሆነ ሰው ታሪክ ይነበባል። ፎቶግራፍ ሦስት መቶ ማምጣት አያስፈልግም፤ በተለያየ ጊዜ፣ ከተለያየ ዘመድ ጋር የተነሣችሁት አሥራ አምስት ያህል ይበቃል።

ታክስ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ባለቤትዎ የ2024ን ታክስ ያስገቡት «ያላገባ» ብለው ከሆነ፣ ይህ ከጋብቻ ወረቀታችሁ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ የታክስ ሕጉ የሚያየው ዲሴምበር 31 ላይ የነበረውን የትዳር ሁኔታ ነውና። በፎርም 1040-ኤክስ አስተካክላችሁ የማስተካከያውን ቅጂ ይዛችሁ ቅረቡ። ሁለተኛው ችግር የራሳቸው ትራክ ያላቸው ሰዎች ሁሉ የሚገጥማቸው ነው። በዓመት ጭነት አመላልሶ 180,000 ዶላር ያስገባ ሰው ናፍጣውን፣ ጥገናውንና የትራኩን ዕዳ ቀንሶ 19,000 ዶላር ገቢ ብቻ አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል። በአይ-864 የስፖንሰርነት ፎርም የሚታየው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ስፖንሰሩ ከፌዴራል የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ላይ መድረስ አለበት፤ በ2025 መለኪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ገደማ ነበር። ካልደረሰ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ተጨማሪ ስፖንሰር ያስፈልጋችኋል። የሚፈርምላችሁ ሰው ግዴታው በፍቺ እንኳ እንደማይቋረጥ አውቆ ይፈርም።

መሥራትዎን በሚመለከት፣ አይደብቁ። በሕጋዊ መንገድ ተፈትሾ የገባ የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ ትምህርት በማቋረጡ ወይም ያለ ፈቃድ በመሥራቱ ብቻ እዚሁ ሆኖ ግሪን ካርድ ከማግኘት አይከለከልም። ባልዎ ባለ ግሪን ካርድ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። አይ-485 የሥራ ታሪክዎን ይጠይቃል፤ ምግብ ቤቱን እዚያ ላይ ማስፈር ነው እንጂ መሐላ ፈጽሞ «አልሠራሁም» ማለት የሚታለፈውን ነገር የማይታለፍ ያደርገዋል። አንድ ነገር ግን በጥሞና ያስታውሱ፦ ሲቀጠሩ የመሥራት መብት የሚረጋገጥበትን አይ-9 የሚባለውን ፎርም ፈርመው ነበር? ከፈረሙ፣ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ተደርጓል? እንዲህ ከሆነ ነገሩ እጅግ ከባድ ነውና ያለ ጠበቃ ወደ ቃለ መጠይቁ አይሂዱ። የተማሪነት ሁኔታው የፈረሰ ሰው ግሪን ካርድ የመጠየቅ መብት ቢኖረውም፣ ማመልከቻው ገና እየታየ በመሆኑ ብቻ ከመታሰርና ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከመመራት ጥበቃ አያገኝም። የመባረር ትእዛዝ ወይም የእስር ታሪክ ካለዎት ይህ ስጋት ይበልጥ ይጨምራል።

እንግሊዝኛዎ የማያስተማምን ከሆነ አስተርጓሚውን ይዘው የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ ይሁን፤ ባለቤትዎ ወይም ጠበቃዎ አስተርጓሚ እንዲሆኑ አይቁጠሩ። ከላይ ያልኩትን የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ልዩነት የሚያውቅ ሰው ይምረጡ። ኦፊሰሩ ከተጠራጠረ ሁለታችሁን በተለያየ ክፍል አስገብቶ ተመሳሳይ ጥያቄ ሊጠይቅና መልሱን ሊያመሳክር ይችላል። ልዩነት ከተገኘ የማስረዳት ዕድል ሲሰጣችሁ እርስ በርስ አትወቃቀሱ፤ እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን በረጋ መንፈስ ተናገሩ።

ግሪን ካርዱ በሚጸድቅበት ቀን ከማርች 2024 ጀምሮ ሲቆጠር 2 ዓመት ካልሞላ፣ የሚሰጥዎት ቅድመ ሁኔታ ያለበት የ2 ዓመት ካርድ ብቻ ይሆናል፤ ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 በሚባለው ፎርም ቅድመ ሁኔታውን ማስነሳት ይኖርባችኋል። የዛሬውን ማስረጃ ፋይል ስለዚህ አትጣሉት፤ አድራሻ ብትቀይሩም በ10 ቀን ውስጥ አሳውቁ።

ባለቤትዎ በቀጠሮው ቀን ከጎንዎ መቀመጥ አለባቸው። ጭነት የሚሰጣቸው ዲስፓቸር ቀኑን ዛሬውኑ ይወቀው፤ ከሁለት ቀን በፊት ባልቲሞር አካባቢ የሚያደርሳቸው ጭነት ካልተገኘ ያን ሳምንት ትራኩ ቆሞ ይዋል።