«እድናለሁ ወይ?» ሲሉኝ ዋሸኋቸው

ውድ አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ የካንሰር ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የዘጌ እናት አረፉብን። የማኅፀን በር ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሶ ነበር። የተኙ ዕለት ልጃቸው ኮሪደር ላይ ይዛኝ፣ «ሲስተር፣ በማርያም እንዳትነግሪያት፤ ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች» አለችኝ። ሐኪሙም «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው።

አንድ ሌሊት የሚጠጣውን የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን በሲሪንጅ ለክቼ ስገባ ነቅተው አገኘኋቸው። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ እየፈቱ፣ «ልጄ፣ እድናለሁ ወይ?» አሉኝ። «ይሻልዎታል እማማ» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና፣ «እንዲያው ቡናዬን ሳላስለቅም…» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በአምስተኛው ቀን አረፉ፤ ንስሐ አባታቸው እንኳ አልተጠሩም። የመጨረሻውን ሞርፊን የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ እሱ ይሆን የገደላቸው እያልኩ እባንናለሁ። ሥራውን ልተወው?

ሲስተር ነኝ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣

ከሞርፊኑ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። በታዘዘው ልክ፣ ሕመማቸውንና ትንፋሻቸውን እያየሽ ከሰጠሽ የገደላቸው በሽታው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ባለ ሦስት እርከን የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ ሞርፊን ለጽኑ ሕመም የተመደበ ነው። የመጨረሻዋን መጠን ደግሞ መቼም አንድ ሰው መስጠቱ አይቀርም፤ የዚያን ቀን ተረኛ አንቺ ሆንሽ።

የከበደሽ ሌላው ነው። አንድሩ ጄምተን የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሶች ሲጽፍ፣ ትክክለኛውን እያወቁ የሚሠሩበት ቤት አሠራር እንዳያደርጉት ሲይዛቸው የሚሰማቸውን የሕሊና ጭንቀት ለይቶ ስም ሰጥቶታል። ያንቺም ከዚያው ነው።

ግን አላባብልሽም፤ «ይሻልዎታል» ማለትሽ ውሸት ነበር። እሳቸውም ሳያውቁት አልቀሩም፤ «ቡናዬን ሳላስለቅም» ያለ ሰው አውቋል። የጎደላቸው የሚያወራቸው ሰው ነው። ልጅቷ ላይም አልፈርድም፣ ክፉ ወሬ እናቷን እንዳይሰብርባት ፈርታ ነው። ይሁንና በእኛ አገር መርዶ እኮ ተደብቆ አይቀርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ደጋፊ አጠገብ ተቀምጦ ይነገራል። ለሕመምተኛውም ይህን ያህል መሰናዳት አያንሰውም።

ወደፊት ቤተሰብ እንዲህ ሲለምንሽ፣ «ቀድሜ አልነግራቸውም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ኑዛዜውም ቁርባኑም ጊዜ ይፈልጋል» በያቸው። ታማሚዋ ስትጠይቅሽ ደግሞ ለመመለስ አትቸኩዪ፤ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይመስልዎታል? ሁሉን ልንገርዎት ወይስ ለልጅዎ ልንገር?» በያቸው። «ለልጄ ንገሪ» ካሉም መብታቸው ነው፤ አታስገድጂያቸው።

ሐኪሙን ብቻሽን አትጋፈጪው፤ ኃላፊሽን ይዘሽ ሂጂ። ሰው ባረፈ ቁጥርም ተረኞቹ አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ ስለሟቹ አውሩ። ለቡና የምትሰበሰቡበት ሰዓት መቼም አይጠፋም፣ እሱን ተጠቀሙበት። ሥራውን ዛሬ አትልቀቂ፤ በቅድሚያ ለአንድ ወር ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩሽ ጠይቂ።

አርባቸው ገና አልወጣም። ዘጌ በጀልባ ሩቅ አይደለም፣ ሄደሽ ልጅቷን አጽናኛት። ስለዚያ ሌሊት ከጠየቀችሽ «ቡናዬን ሳላስለቅም» ማለታቸውን ንገሪያት። የሚቀርብልሽም ቡና ከእሳቸው ጓሮ የተለቀመ ሳይሆን አይቀርም።