ሸራው ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምሠራ ሠዓሊ ነኝ። እንጀራዬ የሱቅ ማስታወቂያና ለሰርግ ስጦታ የሚታዘዝ የሰው ምስል ነው። ለራሴ ብዬ የወጠርሁት ሸራ ግን ከጥምቀት ጀምሮ ባዶውን ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል። ቁጭ ስል ሐሳብ የለም፤ ሐሳብ ሲመጣ ደንበኛ ያንኳኳል። እርስዎ እንዴት ይችሉታል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም የቻልሁት ቆይቶ ነው። ልጅ ሳለሁ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርሁ። (ሰምና ወርቅ እያልሁ ልሰብክሽ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ይለዋል።) ትዝ የሚለኝ ቆጠራው፣ ማለት ቅኔውን በልብ እያወጠነጠኑ መድረሱ ነው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሹን ለምኖ ከመጣ በኋላ ደበሎውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ጋደም ይልና ይቆጥራል። ማታ የኔታ ፊት ይነግራል። «ዛሬ አልመጣልኝም» ብሎ ነገር የለም። ጀማሪ የሚጠየቀው ደግሞ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ። ስምንት ቤቱ መወድስ ስንት ደረጃ አልፎ ነው የሚደረስበት! የእኔ ሁለት ቤት አብዛኛውን ቀን ስብር ነበር። የኔታ ያቃኑልኛል፤ በማግስቱ ሌላ ስብር ይዤ እቀርባለሁ።

አንቺ በየቀኑ መወድስ ልትቆጥሪ የምትቀመጪ መሰለኝ። መዳፍ የሚያህል ካርቶን ቁረጪ፤ ከማስታወቂያው የተረፈ ሁለት ቀለም ይበቃል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት በሩ ይዘጋ፣ ስልኩም ይጥፋ። ደንበኛ 2 ሰዓት ላይ ቢመጣ አይሞትም።

ሐሳቡ ከየት ይምጣ ላልሽው፣ ያፈርሁበትን ልንገርሽ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል ስድስት የጢስ ዓባይ ሥዕል አዘዘኝ። ከፖስት ካርድ እያየሁ ነጭ ውሃ ስደፋ አራተኛው ላይ እጄ እምቢ አለ። መጋቢት ነበር፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት ብዬ ሄድሁ። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ተጠልፎ ፏፏቴው በአንድ ጎን ክር አክሏል፤ የቀረው ገደል ነው። መጀመሪያ የመኪናው ገንዘብ ቆጨኝ። ቆይቼ ሳይ ግን ዓለቱ ላይ ውሃው ሲወርድበት የነበረው መንገድ ሁሉ ተሰምሯል፤ የደረቀ የድንጋይ ሽበት ከላይ እስከ ታች ወርዶ፣ ስንጥቁ ውስጥ አረንጓዴ ሣር በቅሎ። እዚያው በካርቶን ሠራሁት። ጥቁሩን ከቱቦ አላወጣሁም፤ ሰማያዊና ቡናማ ቀላቀልሁ፣ ዓለቱ እንደዚያ ሞቅ ያለ ጥቁር ነበርና።

ሆቴሉ «ውሃው የት አለ?» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፣ ያዘዘው ውሃ ነበር። የቀሩትን ሦስቱን በነጭ ውሃ ጨርሼ ሰጠሁት። ካርቶኑን ግን እያየሁ ከዚያ ወዲህ ሰባት የዓለት ሥዕል ሠርቻለሁ።

ያን ሸራ ደግሞ እስከ ፋሲካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው።