ስለ ጋሪ ፈረስና ስለ አህያ፦ ለአዳማ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ጫንቃው የተላጠ ፈረስ ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ገበያ ሲወርድ ስታዩ እንደምታዝኑ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ በስልክ ቀርጻችሁ ትለጥፉታላችሁ፤ ከሥሩ ባለጋሪው ላይ ስድብ ይወርድበታል። በማግስቱ ፈረሱ ያንኑ ቁስል ይዞ በዚያው ኮርቻ ሥር ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልክ ነው፤ ስለ ኪሎ፣ ስለ ሊትር፣ ስለ ጠፍር።

ለእንስሳ ማዘን ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኦሪት የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዛለች፤ የሰንበቱም ዕረፍት ለበሬውና ለአህያው ጭምር ነው። በነቢዩ መሐመድ ሐዲስ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት እንደተቀጣች፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰውም ኃጢአቱ ይቅር እንደተባለለት ይነገራል። አዲሱ ነገር ሕጉ ነው፤ እሱም በቀላሉ አልመጣም። በእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1800 ኮርማን አስሮ በውሻ ማስነከስ ይከልከል የሚል ረቂቅ ቀርቦ ወደቀ። በ1809 ሎርድ ኧርስኪን ያቀረቡት ሌላ ረቂቅም በሕዝብ ተወካዮቹ ምክር ቤት ወደቀ። በ1822 በሪቻርድ ማርቲን ግፊት ፈረስን፣ ከብትንና በግን በጭካኔ መደብደብ የሚያስቀጣ ሕግ ጸደቀ። ግን ማን ይከታተለው? ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ በአንድ ቡና ቤት ቄስ አርተር ብሩም፣ ማርቲን፣ የባሪያ ንግድን የታገለው ዊልበርፎርስና ሌሎችም ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ብሩም ስሚዝፊልድ የከብት ገበያ ቆሞ የሚመለከት ሰው በደመወዝ ቀጠረ፤ ገንዘቡ አልቆ በማኅበሩ ዕዳ እስከ መታሰር ደረሰ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሕጉ ሥራ የጀመረው ገበያው ውስጥ የሚቆም ሰው ሲገኝ ነው።

በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ያስቀጣል። በ2009 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘግቶ ነበር። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን አህያ ቆማ እየሄደች ስትቆስል እንዲያ አንቆጣም።

አሁን ወደ ልኩ። 120 ኪሎ የምትመዝን አህያ በጀርባዋ ልትሸከም የሚገባት የክብደቷን ሲሶ፣ ማለትም 40 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ ኩንታል እንኳ ይበዛባታል፤ እኛ ግን ሙሉ ኩንታል ስንጭን እንታያለን። በሜዳ አስፋልት ላይ ጋሪ ስትጎትት እስከ ክብደቷ እጥፍ ትችላለች፤ የጋሪው የራሱ ክብደት ግን አብሮ ይቆጠራል። ዳገትና አሸዋ ከሆነ ቀንሱ።

ከክብደቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያቆስለው ሚዛኑ ነው። ጋሪው ከተጫነ በኋላ፣ ፈረሱ ሳይገባ፣ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ሁለት እንጨቶች በእጃችሁ አንሱ። ከብደው ወደ መሬት ከተጫኑ ጭነቱ ወደ ፊት በዝቷል፤ ያ ክብደት በሙሉ ጀርባው ላይ ያርፋል። ወደ ሰማይ ከተነሱ ደግሞ ወደ ኋላ በዝቷል፤ የሆድ ጠፍሩ ከሥር ወደ ላይ እየሳበ ከፊት እግሩ ኋላ ያለውን ስስ ቆዳ ይልጠዋል። በአንድ እጅ ሳይከብድ የሚያዝና ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ልክ ነው። ከባዱን ጆንያ በጎማዎቹ ዘንግ ላይ አሳርፉት።

ከኮርቻው ሥር የማዳበሪያ ጆንያ አታድርጉ፤ ላብ አይመጥም፣ ይሞቃል፣ ይፍቃል። ሁለት የጥጥ ጨርቅ ከረጢቶች ጭድ ሞልታችሁ ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ አድርጉ፤ መሐሉ ባዶ ይሁን፣ አጥንቱን ምንም አይንካው። ላብ የደረቀበት ጨርቅ እንደ ሞረድ ስለሚሆን ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። የናይለን ገመድና የሽቦ ልጓም ጣሉ። ሽቦው ምላስ ይቆርጣል፤ አፉ የቆሰለ ፈረስ ደግሞ አይበላም።

ቁስል ካለ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እጠቡ። የተቃጠለ ዘይትም ሆነ የባትሪ አሲድ አይነካው፤ በጋለ ብረት መተኮስም ሌላ ቁስል መጨመር ነው። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች ካያችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ በፈንገስ የሚመጣ፣ በቁስል የሚገባ በሽታ ነው፤ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ወይና ደጋ የጋሪ ፈረሶችን አብዝቶ ያጠቃል። ዝንብም የጋራ ዕቃም ያስተላልፈዋል። የዚያን ፈረስ ጠፍርና ኮርቻ ለሌላ አታውሱ፤ ፈረሱንም በጊዜ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፤ ከቆየ ማዳን ያስቸግራል።

ውኃን በተመለከተ፣ በእኛ ሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ገደማ ማለት ነው። «ላቡ ሳይደርቅ ከጠጣ ይቆርጠዋል» እያሉ ቀኑን ሙሉ የሚያስጠሙት አሉ። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። አህያ ጥሟን ስለምትደብቅ እስክትጠይቅ አትጠብቁ።

ጋሪ ነጂው ልጅ ብዙ ጊዜ ጋሪውን ተከራይቶ የሚሠራ ነው። የቀን ሒሳቡን ለባለቤቱ ካላስገባ ራቱን አይበላም፤ ጆንያ የሚያስጨምርበትም ነጋዴው ነው። ልጁን ብቻ መስደብ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ነጋዴውን አነጋግሩት፤ ባለጋሪዎቹ ተማክረው የኩንታል ጣሪያ እንዲያወጡ ደግፏቸው።

ስለ ውሻ አጭር ልበል። መንገድ ላይ ውሻን በመርዝ መግደል ሥቃይ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታንም አያጠፋም፤ የሞተው ቦታ በሌላ ያልተከተበ ውሻ ይሞላል። ስርጭቱን የሚገታው ከመቶ ውሻ 70ውን መከተብ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ፈረስ ወድቆ ካገኛችሁ ዱላውን አስቁሙ። በእግሮቹ በኩል አትቁሙ፤ በጀርባው በኩል ሁኑ፤ አንድ ሰው አንገቱን ይዞ ያረጋጋው። ጠፍሩን ፍቱ፣ ካልተፈታ ቁረጡት። ከዚያ ጋሪውን ወደ ኋላ ሳቡት፤ ፈረሱን ከጋሪው ሥር አትጎትቱት። አንገቱና ደረቱ ላይ ውኃ አፍስሱ፤ አፉ ውስጥ ግን አትጨምሩ፣ ወደ ሳንባው ይገባል። አስፋልት ላይ ከሆነ ከኮቴው ሥር አሸዋ በትኑ ወይም ጆንያ አንጥፉ፤ ያለዚያ ሊነሳ ሲል ይንሸራተትና ይሰበራል። ከተነሳ በኋላ ያን ቀን አይጫንበት። ዕቃውን ሌላ ጋሪ ያድርሰው፤ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ከነጂው ጋር ሆናችሁ የዕቃውን ባለቤት ጠይቁት።